የእድራችን የጋራ ሐሳብ፦ በዋሽንግተን ስቴት የጦር መሣሪያን ለሌላ ሰው ማቀበል (ረቂቅ 2)

ጸሐፊ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የአንድ ገጽ መመሪያ ተጀምሯል። አንቀጽ 1 አሁን የሚለው፦ «አባል መሣሪያውን ለቤተሰቡ ማዋስ ይችላል፤ ለሌላ ሰው ግን በዲለር (ፈቃድ ባለው የመሣሪያ ነጋዴ) በኩል ብቻ።» እርማታችሁን ጨምሩበት።

የሕግ ተጠሪ፦ እንዲህ ከወጣ ሰው ያሳስራል። እኛ «ወንድሜ» የምንለው አብሮ አደጉንም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው የስቴቱ የመሣሪያ ሕግ፣ ኢኒሺዬቲቭ 594፣ ግን ዘመዶቹን እየቆጠረ ነው የጻፋቸው፦ ባልና ሚስት፣ ወላጅ፣ አማት፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ የባል ወይም የሚስት ወንድምና እህት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ አጎት፣ አክስት፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ በአያት የምንገናኘው የአጎትና የአክስት ልጅ። አበልጅም የክርስትና ልጅም የሉበትም። ለእነሱ «ለሳምንት ያዝልኝ» ብሎ መስጠት ሳንቲም ባይከፈልበትም በሕጉ ማስተላለፍ ነው፤ ያለ ዲለር አይፈቀድም። መጀመሪያ የተገኘበት ሰው እስከ 364 ቀን እስራትና 5,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ሲደግም ክላስ ሲ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ይሆናል። የመሣሪያ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውንም ከአገር ሊያስወጣ ይችላል፤ ይህ በደማቁ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ የዲለሩ መንገድስ?

የተኩስ አሠልጣኝ፦ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ ባክግራውንድ ቼክ (የተቀባዩ የኋላ ታሪክ ምርመራ) ይደረጋል። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ተቀባዩ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ የወሰደውን የደህንነት ሥልጠና ማሳየትና 10 የሥራ ቀን መጠበቅ አለበት። ለአንድ ቅዳሜ ተብሎ ይህን የሚያደርግ የለም። «አታውሱ፣ አብራችሁ ሂዱ» ብንል ይቀላል፤ ተኳሹና መሣሪያው ከባለቤቱ ፊት እስካልራቁ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል። በተፈቀደ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ባለቤቱ ቡና ሊያመጣ ቢወጣ እንኳ መሣሪያው ከሬንጁ እስካልወጣ ችግር የለም። ጫካ ውስጥ ግን ተቀባዩ ፈቃድና ሥልጠና ኖሮት በሕጋዊ አደን ላይ ካልሆነ በቀር ያ ዕድል የለም።

የሕግ ተጠሪ፦ ጋሼ፣ ልክ ነው፤ ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ተቀባዩ መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ ያልተከለከለ ከሆነ ነው። ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ የመጡ አማት ሬንጅ ላይ ሽጉጥ ቢጨብጡ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌላቸው የፌዴራል ሕግ ይከለክላቸዋል፤ ቤተሰብነት አያድንም። ጥገኝነት ያገኘ ወይም ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰውም ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ስቴት ከሸሪፍ የሚሰጥ የውጭ ዜጋ የመሣሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንቀጽ «ተቀባዩ ማን ነው?» ይሁን፤ ዝምድናው ከዚያ ይምጣ።

ሂሳብ ሹም፦ ሱቅ ያላቸው አባላትም አሉን። ከካዝናው ሥር ያለውን ሽጉጥ ለማታ ሠራተኛ ትቶ መሄድስ?

የሕግ ተጠሪ፦ ሽጉጡ የድርጅቱ ንብረት ከሆነና ሠራተኛው ለሥራው ብቻ ከያዘው እንደ ማስተላለፍ አይቆጠርም። በባለቤቱ በግሉ የተገዛ ከሆነ ግን ይህ ከለላ የለውም። ብዙ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ይመስለኛል። ደረሰኙ በማን ስም እንደሆነ እዩ።

የተኩስ አሠልጣኝ፦ መኪናውንም አንርሳ። ሲፒኤል (ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ) ለሰው እንጂ ለመኪና አይሰጥም። ባል ጥይት የጎረሰ ሽጉጡን መሳቢያ ውስጥ ትቶ ቁልፉን ሲፒኤል ለሌላት ሚስቱ ቢሰጥ፣ ማዋሱ ለቤተሰብ ቢፈቀድም እሷ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በመኪና ይዛ በመገኘት ትጠየቃለች። ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት ሽጉጡን ከመኪናው ያውጣ።

ሂሳብ ሹም፦ ለቅሶ ቤት ላይ የሚሆነውስ? ሟቹ ሽጉጥ ከተወ «ከልጆቹ ይራቅ» ብሎ አንዱ ይዞት ይሄዳል።

የሕግ ተጠሪ፦ የእድር ሰው አይውሰድ። ወራሹ ሽጉጡን ይዞ ለመቆየት 60 ቀን አለው፤ እስከዚያ ወይ በሕጉ መሠረት ያስተላልፋል፣ ወይ ለስቴቱ የላይሰንሲንግ መሥሪያ ቤት እንደሚያስቀረው ያሳውቃል። ኮሚቴው ማድረግ የሚችለው ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዞ ሄዶ ቁልፉን ለወራሹ መስጠት ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ፦ ሐዘን የበረታበት ሰው ራሱን እንዳይጎዳ ከተሰጋ፣ ያልተከለከለ ወዳጅ መሣሪያውን ለጊዜው ሊወስድለት ይችላል። የሚያቆየው አደጋው እስኪያልፍ ብቻ ነው፤ በመሃሉ ለምንም ነገር አይጠቀምበትም፣ ለሬንጅም ቢሆን።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 1 እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ «መሣሪያህን ከማቀበልህ በፊት የተቀባዩን የመኖሪያ ወረቀት፣ የፍርድ ታሪክና የፍርድ ቤት እገዳ ጠይቅ፤ ከዚያ ዝምድናውን ከዝርዝሩ ጋር አስተያይ፤ ከሌለበት ከአጠገቡ አትራቅ ወይም ወደ ዲለር ሂድ።» የሣጥኖቹን ወጪ ሂሳብ ሹም እስከ እሑድ ያቅርቡ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 4 ይበቃናል።