አውስትራሊያ፦ በልጅነት በተቋም ውስጥ ለደረሰ በደል ከ30 ዓመት በኋላ ካሳ ማመልከት ይቻላል ወይስ አልፏል?

ምዕራብ ሜልበርን ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ አንዲት ዘመዴ ነው፤ እሷም ፈቅዳልኛለች። ሜልበርን የመጣችው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በልጅነቷ ነው። ከቤተሰቧ ተለይታ መጀመሪያ መንግሥት በመደበላት አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ፣ ኋላም አንድ የሃይማኖት ድርጅት በሚያስተዳድረው የልጆች ማደሪያ አደገች። በማደሪያው ውስጥ የሚሠራ ሰው ጾታዊ ጥቃት አድርሶባታል። ለፖሊስ አልተናገረችም። በ2011 ድርጅቱ በጠበቃ በኩል 20,000 ዶላር ሰጥቶ "ሁለተኛ አልጠይቅም" የሚል ወረቀት አስፈርሟታል። አሁን ዜጋ ናት።

ይህ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ማመልከት ትችላለች? የፈረመችው ወረቀት አግዷት ይሆን? በእጇ ምንም ማስረጃ የለም። በዚያ ላይ መታወቂያዋ ላይ ያለው የልደት ቀን ብዙዎቻችን ላይ እንዳለው ጃንዋሪ 1 ነው፤ ዓመቱም ትክክል አይደለም። ይህስ ችግር ያመጣባታል?

የቅጽ ረዳት መለሰ፦

ወንድሜ፣ አልዘገየችም። ናሽናል ሪድረስ ስኪም በሚባለው የመንግሥት የካሳ ፕሮግራም የሚቆጠረው ማመልከቻው የገባበት ቀን እንጂ በደሉ ከደረሰ ያለፈው ዓመት አይደለም። ሮያል ኮሚሽን የተባለው የመንግሥት አጣሪ አካል በተቋማት ውስጥ በልጆች ላይ ስለደረሰ ጾታዊ ጥቃት ከ2013 እስከ 2017 ባካሄደው ምርመራ፣ ተበዳዮች የደረሰባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እስኪናገሩ ድረስ በአማካይ 23.9 ዓመት እንደወሰደባቸው አረጋግጧል። ፕሮግራሙ የተቋቋመው ከዚያ ምርመራ በኋላ ነው። ስለዚህ "እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" ብሎ አይጠይቃትም፤ ለፖሊስ አለማመልከቷም አይቆጠርባትም።

ቀነ ገደቡን ግን በደንብ ያዙልኝ። ፕሮግራሙ የጀመረው ጁላይ 1 2018 ሲሆን የሚያበቃው ጁን 30 2028 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ቀን ይዞ ይቀመጣል። ማመልከቻ የሚቀበለው ግን እስከ ጁን 30 2027፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ ነው። የመጨረሻው ዓመት ቀድመው የገቡትን ለመጨረስ የተተወ ነው። "እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ይራዘማል" የሚል ወሬ ብትሰሙ አትመኑበት። አየርላንድ ውስጥ ተመሳሳይ የካሳ ቦርድ ነበር። ቀነ ገደቡ ዲሴምበር 15 2005 ካለፈ በኋላም በልዩ ምክንያት የዘገዩትን እየተቀበለ ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2011 ያንንም ዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጡት ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

መሠረታዊ መመዘኛዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ጾታዊ ጥቃቱ ከጁላይ 1 2018 በፊት የደረሰ፣ በጊዜው ዕድሜዋ ከ18 በታች የነበረ፣ ኃላፊነቱ የአንድ ተቋም የሆነ፣ እሷም ስታመለክት ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆን አለባት። በጥገኝነት ቋሚ ቪዛ ያለውም ይገባል፤ ጊዜያዊ ቪዛ ያለው አይገባም። ድብደባ ወይም ረሃብ ብቻውን አያበቃም፤ ከጾታዊ ጥቃቱ ጋር ተያይዞ ከደረሰ ግን በክፍያው ውስጥ ይታያል።

የ2011ዱ ወረቀት አያግዳትም። የሚያግደው ያንን ተቋም ፍርድ ቤት ራሱ እንዲከፍል ፈርዶበት ከነበረ ነው። በስምምነት የተከፈለው ከአዲሱ ካሳ ላይ ይቀነሳል፤ ያውም ከተከፈለበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ 1.9 በመቶ እየተጨመረበት። 20,000 ዶላር በ15 ዓመት ወደ 26,500 ገደማ ይደርሳል። ጭማሪው የሚቆመው ባመለከተችበት ቀን ነው፤ መልስ በመጠበቅ ያለፈው ጊዜ አይጎዳትም፣ ከማመልከቷ በፊት የምታባክነው ግን ይጎዳታል። ከ20,000ው ውስጥ ለጠበቃ የሄደው እንደ ቀድሞ ክፍያ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የያኔውን የጠበቃ ሒሳብ ደረሰኝ ፈልጋ ታያይዝ።

አሁን ስለ መጠኑ። ከፍተኛው 150,000 ዶላር ነው። መነሻው እንደ ጥቃቱ ዓይነት ይለያያል፦ ሰውነት ውስጥ የመግባት ጥቃት ከሆነ 70,000፣ ንክኪ ከሆነ 30,000፣ ንክኪ የሌለው ከሆነ 5,000። በዚህ ላይ ለደረሰው ጉዳት እንደ ቅደም ተከተሉ 20,000፣ 10,000 ወይም 5,000 ይጨመራል። አብሮ ድብደባና ማሠቃየት ከነበረ 5,000፣ ልጁ በተቋሙ እጅ የሚያድግ ሆኖ መሸሻ ያልነበረው ከሆነ ሌላ 5,000 አለ። ለእጅግ የከፋ ሁኔታ የሚታሰበው 50,000 በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ብቻ የሚጨመር ነው። ለምሳሌ ንክኪ ሆኖ ሁለቱም 5,000ዎች ከተደመሩ 50,000 ይሆናል፤ ከዚያ 26,500 ሲቀነስ 23,500 ይቀራታል።

አንድ ሰው ማመልከት የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአሳዳጊው ቤትም ጾታዊ ጥቃት ደርሶባት ከሆነ እዚያው ቅጽ ላይ ይግባ። ኃላፊነቱ በሁለት ተቋማት መካከል ከተከፋፈለ ደግሞ የ2011ዱ ገንዘብ የሚቀነሰው ከከፋዩ ድርጅት ድርሻ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ የሺዎች ልዩነት ያመጣል።

ሰነድ ፈላጊ መለሰች፦

ስለ ማስረጃው ልጨምር። እዚህ የሚፈለገው የፍርድ ቤት ዓይነት ማረጋገጫ አይደለም። ነገሩ ደርሷል ለማለት እውነተኛ ዕድል መኖሩ ይበቃል፣ ተራ ግምት እስካልሆነ ድረስ። ምስክር ወይም የሐኪም ወረቀት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ግን የእሷ ጽሑፍ ራሱ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ጉልበቷን እዚያ ላይ ታውለው።

ማመልከቻ የሚጓተተው ብዙውን ጊዜ ቅጹ "በማደሪያው ውስጥ በደል ደረሰብኝ" ብቻ ብሎ ሲያልፍ ነው። ገምጋሚው ሊያገናዝባቸው የሚችላቸው ነገሮች ይግቡ፦ የማደሪያው ስምና ሰፈር፣ የሕንፃው ቅርጽ፣ ክፍሉ የት እንደነበረ፣ ሰውየው ምን ሥራ ላይ እንደነበር፣ ስሙን ባታውቅ ልጆቹ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር፣ ስንት ጊዜና በስንት ዓመቷ። ቀኑን ካላስታወሰች "ሰባተኛ ክፍል እያለሁ" ማለት በቂ ነው፤ ያላስታወሰችውን ቀን ፈጥራ እንዳትጽፍ። የፈጠራ ቀን ከመዝገብ ጋር ሲጋጭ ጥያቄ ያስነሳል፣ ግምት ግን አያስነሳም።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ብዙ ያገራችንን ሰው ያደናቅፋል። በቤተሰብ ወሬ "በ85 ነው" የተባለው 1985 ሳይሆን 1992 ወይም 1993 ነው። ሁሉንም ወደ ፈረንጆቹ መልሱት።

የልደት ቀኑን በተመለከተ፣ ቅጹ ላይ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ትጻፍ፤ አለበለዚያ ማንነቷን ማረጋገጥ ይቸግራል። በታሪኩ ክፍል ደግሞ ትክክለኛው ዕድሜዋ ስንት እንደነበር ለይታ ትግለጽ። ይህ በተለይ የሚያስፈልገው በወረቀት 18 የሞላው፣ በእውነት ግን 16 የነበረ ሰው ነው፤ ዝም ካለ ከመመዘኛው ውጭ ይወድቃል። የክርስትና ወረቀት፣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት መዝገብ፣ ከታላቅ ዘመድ የተጻፈ መግለጫ ይረዳል። የኢሚግሬሽን ፋይሏን ሆም አፌርስ ከሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በመረጃ ነፃነት ሕግ መጠየቅ ትችላለች፤ ያለ ክፍያ ነው። በመንግሥት እጅ ያደገችበትን መዝገብም በዚሁ መንገድ ከቪክቶሪያ የቤተሰብ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ታገኛለች። ስሟ በእንግሊዝኛ በሁለት ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሊሆን ስለሚችልና የአባትና የአያት ስም ስለሚቀያየር፣ ጥያቄው ላይ ሁሉንም አጻጻፍ ትዘርዝር። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልገው "መዝገብ የለም" ብለው የሚመልሱት ብዙ ነው።

በሕጉ መልስ የሚሰጡት በ30 ቀን ቢሆንም የድሮ መዝገብ ከዚያ በላይ ይቆያል። እሱን እየጠበቀች ግን ማመልከቻዋን እንዳታዘገይ፤ ፋይሉ ሲመጣ ይጨመራል። ፕሮግራሙ ራሱም ተቋሙን መረጃ ይጠይቃል።

ኑሮ በአደሌድ መለሰ፦

ገንዘብ የሚጠይቅ "አማካሪ" ከመጣባችሁ አትፈርሙ። ማመልከት ነፃ ነው። ከካሳው ይህን ያህል በመቶ እወስዳለሁ የሚሉ ድርጅቶች የሚሠሩት በነፃ የሚገኘውን ሥራ ነው። ኖውሞር የሚባለው የሕግ አገልግሎት መንግሥት ስለሚደግፈው አያስከፍልም፤ ስልኩ 1800 605 762 ነው። የፕሮግራሙ የራሱ መስመር 1800 737 377 ነው።

ምዕራብ ሜልበርን ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ፍርድ ቤት ብትሄድ ይሻላል የሚሏት አሉ፤ እናንተስ? ሌላው፣ ገመናዋ እዚህ ባለው የኛ ሰው መሀል እንዳይወጣ በጣም ትፈራለች።

የቅጽ ረዳት መለሰ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ቪክቶሪያ ውስጥ በልጅነት ለደረሰ በደል የክስ ይርጋ ከጁላይ 1 2015 ጀምሮ ተነሥቷል። እንደ 2011ዱ ያለ የድሮ ስምምነትም፣ ፍርድ ቤቱ መሻሩን ፍትሐዊ ሆኖ ካገኘው እንዲሽረው ከ2019 ወዲህ ሕግ አለ። በክስ የሚገኘው ከ150,000 ሊበልጥ ይችላል። ግን ማስረጃው ጠንከር ማለት አለበት፣ ጊዜውም ይረዝማል፣ መስቀለኛ ጥያቄም ሊመጣ ይችላል። በ2024 የአውስትራሊያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት (ሃይ ኮርት) ድርጅት በሌላ ሰው ጥፋት የሚጠየቀው ሰውየው ተቀጣሪው ከሆነ ነው ብሎ ወስኗል፤ ስለዚህ ያ ሰው ደመወዝተኛ ነበር ወይስ በጎ ፈቃደኛ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል የቅርቡን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይየው።

ዋናው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ማመልከት ብቻውን ክስን አያግድም፤ የሚያግደው የቀረበላትን ካሳ ተቀብላ መፈረም ነው። ስትፈርም ኃላፊ የተባሉትን ተቋማት ከክስ ነፃ ታደርጋለች። ጥቃት ያደረሰውን ግለሰብ ግን ነፃ አያደርገውም፣ የወንጀል ክስም አይነካም። ለመወሰን ስድስት ወር አላት፤ ካልበቃት ማራዘሚያ ትጠይቅ። የሕግ ምክሩን የምትወስደው በዚህ ጊዜ ነው፣ ከፈረመች በኋላ የሚሰጥ ምክር አይረባትም። ውሳኔው ካላጠገባት እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላለች። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በዚያ ጊዜ አዲስ መረጃ መጨመር ተፈቅዷል፣ መጠኑም በዚህ የተነሣ አይቀነስባትም። "አልቀበልም" ካለች ግን ዳግም ማመልከት አትችልም።

ገንዘቡ ግብር የለበትም፣ የመንግሥት ድጎማ የሚከፍለው ሴንተርሊንክም እንደ ገቢ አይቆጥረውም። ከገንዘቡ ሌላ የሥነ ልቦና ሕክምናና፣ ከፈለገች፣ ተቋሙ ፊት ለፊት ወይም በጽሑፍ ይቅርታ የሚጠይቅበት መንገድ አለ።

አረጋዊ ወይም በጠና የታመመ ሰው የምታውቁ ደግሞ አሁኑኑ ንገሩት። 70 ዓመት የሞላው ወይም የማይድን ሕመም ያለበት 10,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ካመለከተ በኋላ ቢሞት ካሳው ለወራሾቹ ይተላለፋል፤ ሳያመለክት ከሞተ ቤተሰቡ በስሙ ማመልከት አይችልም።

ሰነድ ፈላጊ መለሰች፦

ስለ ገመናው፦ ተቋሙ ስሟንና በእሱ ላይ ያቀረበችውን ያውቃል፣ ይህ አይቀርም፤ መልስ የሚሰጠው እሱ ነውና። ጉዳቱ በሕይወቷ ላይ ያደረሰውን የምትጽፍበት የቅጹ ሦስተኛ ክፍል ግን ለተቋሙ አይሰጥም። ስለዚህ ስለ ትዳሯ፣ ስለ ልጆቿና ስለ ጤናዋ የምትጽፈውን ሁሉ እዚያ ታድርገው፣ በደሉን የምትገልጽበት ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አትቀላቅለው። ደብዳቤ ቤት እንዳይመጣ ከፈለገች የምትፈልገውን አድራሻና ስልክ ትስጥ፤ ለመደወል የሚመች ሰዓትም ትጻፍ።

በአማርኛ ብቻ ለሚናገር ሰው የስልክ አስተርጓሚው 131 450 ነው፣ ነፃ ነው። ሴት ወይም ወንድ አስተርጓሚ ብሎ መምረጥ ይቻላል። አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ እንዲሆን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፐርዝ ያለ ሰው የሜልበርኑን የፉትስክሬይ ሰፈር ሰው የማወቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስምን ለአስተርጓሚው መናገር ግዴታ አይደለም፣ መዝገቡ ካለው ሠራተኛ ጋር በማመልከቻው ቁጥር መነጋገር ይቻላል። ልጆቻችሁን ግን አታስተርጉሙ።