የአያትን ዘር ከአሮጌ መዛግብት ስለ መፈለግ

ጥያቄ ‹የአዳማ ልጅ›

ክቡራን ተሳታፊዎች፤ ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። የአባቴ አባት ከጣሊያን ወረራ በፊት ለባቡር ኩባንያው ሊሠሩ ወደዚህ ከተማ እንደ መጡና እዚሁ እንዳረፉ ይነገራል፤ ከየት እንደ መጡ ግን በሕይወት ካሉት ዘመዶቼ የሚያውቅ የለም። በእጄ የቀረው የ1948 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ ብቻ ነው። ስማቸው ከነአባታቸው በቀለም ተጽፎ ከግርጌው ሐምራዊ ማኅተም አርፎበታል፤ ነገር ግን በላዩ ያለው የአባታቸው ስም ቤተሰቡ ከሚጠራው ጋር አይገጥምም። ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የልደት መዝገባቸውን ብጠይቅ አገኝ ይሆን?

መልስ ‹ጠበቃው›

እዚያ በመመላለስ አይድከሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ ድንጋጌዎቹ ሥራ ላይ እንዳይውሉ በዚያው ሕግ ታግደው ስለ ቆዩ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ማዘጋጃ ቤቶች ቀድሞም የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ የሚሰጡት ግን ላመለከተ ሰው ብቻ ነበር።

መልስ ‹መዝገብ ቤት›

ጠበቃው ያሉት ትክክል ነው፤ ተስፋ አያስቆርጥዎ እንጂ። በአገራችን ወረቀት የኖረው ገንዘብን፣ መሬትንና ክርክርን ሲከተል ስለሆነ፣ አያትዎን ግብር በከፈሉበት፣ በተቀጠሩበትና በተካሰሱበት ቦታ ይፈልጓቸው።

ደረሰኙን እንደ ገና ያንብቡት፤ በተለይ የወረዳውንና የምክትል ወረዳውን ስም ያስተውሉ። በዚያ ዘመን አዳማ ናዝሬት ተብላ፣ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የየረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ስለ ነበረች፣ የጊዜውን መዝገብ በዛሬው የዞንና የወረዳ አከላለል ቢጠይቁ ‹የለም› የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያገኙት። የመሬቱ ስፋት በጋሻ ከተጻፈ ደግሞ የገጠር መሬት ነበራቸው ማለት ነው፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነውና። መሬት ባለበት የውርስ ክርክር አይጠፋም። በተለይ የመጡት ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም ወይም ከጎንደር ከሆነ፣ በርስት ክርክር ተሟጋቹ ሁሉ ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ይቆጥር ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለ አንድ የፍርድ መዝገብ ቢገኝ የብዙ ትውልድ ስም በአንድ ገጽ ያስገኝልዎታል።

የባቡር ኩባንያው የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ስለ ነበር፣ በሠራተኛ ማኅደር ስማቸው በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ አጻጻፍ፣ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለሐዲድ ሥራው ይሁን ከዚያ ወዲህ ለጣቢያው የተቀጠሩት ከዕድሜያቸው መገመት ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድመው ግን የእድራቸውን መዝገብ ያስፈልጉ። አባሉ ማን ሲሞትበት ገንዘብ እንደሚከፈለው አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት፣ የራሱም የሚስቱም ወላጆች ስም የሚመዘገብባቸው እድሮች አሉ፤ በመንግሥት መዝገብ የማይገኘው የሴት ወገን ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። በአንድ አሮጌ መዝገብ ከአማት ስም አጠገብ በእርሳስ ‹አረፉ› ተብሎ ቀኑና የተከፈለው ብር ተጽፎ አይቻለሁ። የእድር ጸሐፊ ከመዝገብ ቤት ሹም ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ ሒሳብ አለበታ።

‹የአዳማ ልጅ›

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፋቱ በጋሻ ነው የተጻፈው። የእድሩን ዳኛ ነገ አነጋግራለሁ። የስሙ አለመግጠም ግን አሁንም አልገባኝም፤ የሌላ ሰው ደረሰኝ ይሆን?

መልስ ‹ከረዩ ሰፈር›

የሌላ ሰው ነው ብለው አይጣሉት። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ አልፎ አልፎም የፈረስ ስም ስለ ነበረው፣ ጸሐፊው የጻፈው በዕለቱ የተነገረውን ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ኦሮሞ የሆነ ሰው ክርስትና ሲነሣ ወይም ሥራ ሲይዝ ሌላ ስም መያዙ የተለመደ ነበር። ቤተሰቡ የሚጠራው ስም የኦሮምኛ ከሆነ፣ ጎሳቸውንና ባልባላቸውን (በጎሳው ውስጥ ያለውን የዘር ሐረግ) አጣርተው ትውልድ ለሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ይንገሩ፤ ወረቀት የማይደርስበትን እነርሱ በቃላቸው ይዘውታል። መዝገብ ሲያገላብጡም በ‹ሰ› የጠፋውን በ‹ሠ›፣ በ‹አ› የጠፋውን በ‹ዐ› ይፈልጉ።

አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሲሄዱ፣ አያትዎ ካረፉበት ዓመት ጀምሮ ያለውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ያስወጡ። ፍርድ ቤቶች የወራሽነት ጥያቄ ሲቀርብላቸው ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ያስጠሩ ስለ ነበር፣ የሟችና የአመልካች ስም ከነመዝገቡ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ቁጥሩን ከያዙ ፍርድ ቤት ሄደው መዝገቡን ለማስወጣት ይቀልዎታል።