ፊቱ የተጣመመ ታካሚ፦ ሰባተኛውን ነርቭ እንዴት ነው የምትመረምሩት?

የጤና መኮንኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ጣቢያ ላይ ሲቲ ስካን የለም፤ ያለን ባትሪ፣ ጥጥና የምላስ መጫኛ እንጨት ነው። አፉ ወደ አንድ ጎን የሄደ ሰው ሲመጣ ስትሮክን ከቤልስ ፓልሲ (ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነርቭ ራሱ፣ ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ ሲደክም) የሚለየው ግንባሩ ነው ተብለን ተምረናል። ግን «ቅንድብዎን ያንሱ» ሲባሉ ብዙዎቹ፣ በተለይ አዛውንቶች፣ ቀና ይላሉ ወይም ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ደግሞስ ግንባሩ ብቻውን ይበቃል? ሌሎቹን ነርቮችስ ምን ስትሉ ታያላችሁ?

ነርቭ ክፍል፦
እህቴ፣ ችግሩ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው። ግራ እጅሽን አናታቸው ላይ ቀለል አድርገሽ አሳርፊ፣ የቀኝ እጅሽን ጣት ከፊታቸው ወደ ላይ እያነሳሽ «አባባ፣ ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ ጣቴን በዓይንዎ ብቻ ይከተሉ» በያቸው። ዓይን ሽቅብ ሲሄድ ግንባር ሳይታዘዝ ይሸበሸባል። ወጣትና ግንባሩ ልሙጥ ከሆነ ሽብሽቡ ላይታይ ይችላል፤ ያኔ ሁለት አውራ ጣትሽን ከቅንድቦቹ በላይ አስቀምጪና የቱ ጡንቻ እንደሚነሳ በእጅሽ ለኪው።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ይቀበላል። አንዱ ወገን በስትሮክ ቢጎዳ ሌላው ስለሚያግዝ ግንባሩ ይተርፋል፣ የሚወድቀው አፉ ነው። ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን መንገዱ አንድ ስለሆነ ከግንባር እስከ አገጭ ይያዛል።

ቀጥሎ «ዓይንዎን ጭምቅ አድርገው ይጨፍኑ» በይና ሽፋሽፍቱን ከቅርብ እዪ። ደህናው ጎን ላይ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይቀበራል፤ ደካማው ጎን ላይ ረዝሞ ይታያል። ቀላል ድካም መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ድካሙ ከባድ ከሆነ ዓይኑ አይገጥምም፣ ኳሱ ወደ ላይ ሲገለበጥ ነጩ ይታያል።

ለአፍ «ይሳቁ» አትበይ፤ «ጥርስዎን ያሳዩኝ» በይ። ከልብ የመጣ ሳቅ በፈቃድ ከሚደረግ እንቅስቃሴ በተለየ መንገድ ስለሚሄድ፣ ስትሮክ ያለበት ሰው ሲስቅ አፉ ተስተካክሎ ሊያሳስትሽ ይችላል።

ዋርድ 4፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ግንባሩ ስለተያዘ ብቻ «ቤልስ ፓልሲ ነው» ብሎ መሸኘት አደገኛ ነው። ግንባሩ የሚነግርሽ ጉዳቱ የመንገዱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ነው፤ ምን እንደጎዳው አይነግርሽም። የአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ፖንስ ላይ፣ የሰባተኛው ነርቭ ክር ዓይንን ወደ ውጭ በሚያዞረው በስድስተኛው ነርቭ ማዕከል ዙሪያ ይጠመዘዛል። እዚያ የወደቀ ስትሮክ ግንባሩንም አፉንም ይይዛል፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ቤልስ ይመስላል። የሚያጋልጠው ጎረቤቱ ነው፦ በዚያው ጎን ያለው ዓይን ወደ ጆሮ ዞሮ መድረስ ያቅተዋል።

ስለዚህ ዓይኖቹን በስድስቱም አቅጣጫ አዙሪ፣ ጣትሽን ከፊታቸው ግማሽ ሜትር ያህል አርቀሽ። ከዚያ ሁለቱንም እጅ መዳፍ ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉ፣ ዓይን ጨፍነው ለ10 ሰከንድ ይቆዩ። አንዱ እጅ ከዞረ ወይም ከወረደ፣ ወይም ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ግንባሩ ምንም ይበል ምን በአስቸኳይ ሪፈር ነው።

ጆሮ ውስጥና ጀርባው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካለ አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይጨመርበታል፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግ። መግል የሚያወጣ ጆሮ ወይም ከጆሮ በታች ያለ እብጠት ካገኘሽም ቤልስ የሚለውን ስም አትስጪው። ጊዜውንም ጠይቂ። ቤልስ ከሰዓታት እስከ 3 ቀን ባለው ውስጥ ጫፍ ይደርሳል። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የመጣ ነገር ዕጢ እንዳይሆን ያሰጋል። ሁለቱም ጎን ከተያዘም ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

የጉሮሮው፦
የቀሩትን ባጭሩ። ማሽተት፦ አንዱን አፍንጫ ዘግቶ ቡና ወይም ጤና አዳም፤ አልኮል አይሁን፣ እሱ የሚቆጠቁጠው የፊትን ስሜት የሚወስደውን አምስተኛውን ነርቭ ነው። የዓይን ቆብ ከወደቀ ሰባተኛው አይደለም፣ ቆቡን የሚያነሳውን ሦስተኛውን አስቢ። የዚያው ዓይን ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ሲበራበት ካልጠበበ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም።

አፍ ውስጥ «አ» ሲሉ እንጥል ወደ ደህናው ጎን ይሳባል ይባላል። ትክክል ነው፣ ግን እኛ ዘንድ በልጅነቱ እንጥሉ የተቆረጠ ሰው ብዙ ስለሆነ በእሱ አትመኪ። ላንቃውን እዪ፤ የማይነሳው ጎን ነው ደካማው።

ምላስ በተቃራኒው ወደ ደካማው ጎን ያዘነብላል፣ ደህናው ጡንቻ ስለሚገፋው። ፊቱ የተጣመመ ሰው ላይ ግን አፉ ስለተሳበ ብቻ ምላሱ የዞረ ይመስላል። የወደቀውን የከንፈር ጥግ በጣትሽ ወደ ቦታው መልሺና እንደገና ያውጡ፤ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል ጋር አስተያዪው።

የጤና መኮንኗ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ኮርኒያን (የዓይኑን ጥቁር የሚሸፍነውን ግልጽ ሽፋን) በጥጥ ስነካ በተጣመመው ጎን ዓይኑ አይርገበገብም። አምስተኛውም ተጎድቷል ማለት ነው?

ነርቭ ክፍል፦
ሌላኛውን ዓይን እዪ። ስሜቱን የሚወስደው አምስተኛው ነው፣ ዓይኑን የሚዘጋው ሰባተኛው፤ ትእዛዙም ለሁለቱም ዓይን ነው የሚደርሰው። የተነካው ዓይን ዝም ብሎ ሌላው ከተርገበገበ አምስተኛው ደህና ነው፣ የጎደለው ሰባተኛው ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ አምስተኛው ተነክቷልና ቤልስ ብቻ ነው አትበይ። የጥጡን ጫፍ እንደ ክር አቅጥነሽ ወደ ላይ እያዩ ከጎን አምጪው፤ ከፊት ከመጣ ስላዩት ብቻ ይጨፍናሉ። የሚነካው ጥቁሩ ነው፣ ነጩን ብትነኪ መልሱ አይታመንም።

ከላይ ያለው ሁሉ ተጣርቶ ቤልስ ከሆነ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ለአዋቂ በቀን 50 ሚሊግራም ለ10 ቀን። ስኳርና ቲቢ ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ሌሊት ቅባት አድርገው ዓይኑን ከድነው በፕላስተር ይለጥፉት። ፕላስተሩ የሚለጠፈው ቆቡ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ክፍተት ከቀረ ፕላስተሩ ኮርኒያውን ይፍቀዋል።