«መንግሥት እጁን ይሰብስብ» ሲሉ ለእኛ ምን ማለት ነው?

አዲስ ገቢ (ዳላስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቴክሳስ የመጣነው በቅርቡ ነው። ባለቤቴ ሹሩባ ትሠራለች። አዲስ አበባ እያለን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን በሴቶች ይሞላ ነበር። እዚህም ልትጀምር ስትል «ያለ ፈቃድ የሰው ፀጉር ብትነኪ ትቀጫለሽ» ብለው አስፈራሯት። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ይሄ የወግ አጥባቂዎች ስቴት ነው፤ መንግሥት በሰው እንጀራ አይገባም» ይለኛል። ይሄ «የተገደበ መንግሥት» የሚሉት ነገር እውነት ነው ወይስ የምርጫ ሰሞን ወሬ?

የጋርላንዷ ሹሩባ ሠሪ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትህን አይዞሽ በላት። ቴክሳስ ውስጥ የሹሩባ ፈቃድ በ2015 ቀርቷል። የሚያስፈራሯት የድሮውን ይዘው ነው።

ባልደረባህም ግን ነገሩን አቀለለው። ይሄ ነፃነት ዝም ብሎ አልመጣም። አይሲስ ብራንትሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1997 እዚሁ ዳላስ ሹሩባ ስለሠራች ታስራለች። በ2007 ሕጉ ላላ፣ 35 ሰዓት ሥልጠና ይበቃል ተባለ። ሌሎችን ላስተምር ስትል ደግሞ ቤትሽን የፀጉር አስተካካዮች ኮሌጅ አድርጊው አሏት። 2,000 ካሬ ጫማ ቦታ፣ 10 የፀጉር ቤት ወንበር፣ 5 ማጠቢያ። እስቲ አሁን ሹሩባ ማጠቢያ ምን ያደርግለታል? እኔ ደንበኞቼን «ታጥባችሁ ኑ» ነው የምላቸው። በ2013 ከሰሰች። በጥር 2015 የፌዴራል ዳኛ ፈረዱላት። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ፈቃዱን ከነጭራሹ አነሳው፣ ገዥው ግሬግ አቦትም ፈረሙ።

በዚህ ነገር እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። መንግሥት ይጥፋ አላልኩም። መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፣ ውል ያፈረሰውን ፍርድ ቤት ያቁም። ፈቃድ ሲሉኝ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሚጠብቀው ደንበኛዋን ነው ወይስ ቀድሞ ሱቅ የከፈተውን?

የዲሲ ባለታክሲ፦
እህቴ ልክ ብለሻል። እኛም ጋ በ2011 የታክሲው ቁጥር በሜዳልያን፣ ማለት ቁጥሩ በተወሰነ የታክሲ ፈቃድ፣ ይገደብ የሚል ረቂቅ መጥቶ ነበር። ሾፌሩ ተቃወመ፣ ሳይፀድቅ ቀረ። ኒውዮርክ በ1937 ሕግ አውጥታ ቁጥሩን ገደበች። በኋላ የአንዱ ሜዳልያን ዋጋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። መኪናው አይደለም፣ ፈቃዱ ብቻ!

ጠርጣራው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ታሪኩን ጨርሰው እንጂ ወንድም። ኡበር ሲመጣ ዋጋው ተንኮታኮተ። ተበድረው የገዙ ስደተኞች ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ፣ በ2018 ራሳቸውን ያጠፉ ሾፌሮች ነበሩ። በ2021 ዕዳውን ለማቃለል የገባው ከተማው ነው፣ ገበያው አይደለም። ደግሞ ነገሩን የወግ አጥባቂ ብቻ አታድርጉት። ሉዊዚያና አበባ አሰናድቶ ለመሸጥ እንኳ ፈቃድ ስትጠይቅ ኖራለች። ከሠራተኛው ሩብ በላይ ፈቃድ እየተጠየቀ ነው፣ ይሄ ነገር በዛ ብሎ በ2015 ሪፖርት ያወጣው ማን ነው? የኦባማ ዋይት ሀውስ!

የጋርላንዷ ሹሩባ ሠሪ፦
የኦባማውን በደስታ እቀበላለሁ፣ ፓርቲ ቆጥሬ አልደግፍም። በሾፌሮቹ ላይ የደረሰው ያሳዝናል። ግን ያንን ፈቃድ በጨረታ ሲሸጥ የነበረውም እኮ ራሱ ከተማው ነው። ቁጥሩን ገድቦ፣ አስወድዶ ሸጠላቸው፤ ከዚያ አዳኝ ሆኖ መጣ።

አዲስ ገቢ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ቀለም መቀባትና መቁረጥስ ትችላለች?

የጋርላንዷ ሹሩባ ሠሪ፦
አይ፣ እሱ ይቅርባት። መቁረጥ፣ ቀለም፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። ትምህርቱ 1,000 ሰዓት ነው፣ በ2021 ከ1,500 ቀንሰውት ነው። ኬሚካል ራስ ቅል ያቃጥላል፣ እዚያ ላይ አልከራከርም። ሰዓቱ ላይ ግን እከራከራለሁ። ሹሩባውን በራሷ ስም ሳይሆን በድርጅት ስም ከሠራች ካውንቲው ጋ ስሙን ታስመዝግብ። የምትኖሩት አፓርታማ ከሆነ ደግሞ የኪራይ ውሉን ቀድማችሁ አንብቡ። እኔን ደንበኛ ቤት አታስገቢ ብሎ ያስወጣኝ አከራዬ ነው፣ መንግሥት አይደለም።