የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሐዋሳ ለምን ትጎዳለች?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ሰው በጀልባ እየወሰድኩ ጉማሬ አሳያለሁ። ወፍ ለማየት ሊመጡ የነበሩ ስምንት እንግሊዛውያን ትናንት ሰረዙ። መንግሥታቸው አስጠንቅቋል አሉ። እዚህ እኮ ሰላም ነው! ዛሬ ጠዋት ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ሰው እግር ሥር አንጀት ይሻሙ ነበር። ሩቅ በተነሳ ግጭት እኛ ለምን?

አስጎብኚው፦
አይዞህ ወንድሜ። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ አገሩን በጅምላ አይዘጉም፤ በካርታ ላይ በቀለም ቦታ ይለያሉ። ግን እንግዶችህ የሚመጡት ለሐዋሳ ብቻ ነው? ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ውስጥ ላሊበላና ጎንደርም አሉ። አንዱ ካርታው ላይ ከቀላ ሁሉም ይቀራል። ዋናው ደግሞ ኢንሹራንስ ነው። «አትሂዱ» የተባለበት ቦታ ከሄዱ ኢንሹራንሳቸው ላይሠራ ይችላል። ያን ጣጣ የሚሸከም ወኪል የለም።

የታቦር ልጅ፦
የአሜሪካው በደረጃ ነው፣ ከ1 እስከ 4። በ2014 መጀመሪያ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን 4 ገብተን ነበር፣ «አትጓዙ» ማለት ነው። ያኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ አቧራ እንዳይዘው ብቻ እንቀይር ነበር። ከዚያ ግማሾቻችንን ቀነሱን። ማስጠንቀቂያው ሲላላም እንግዳው ወዲያው አልመጣም።

የሐይቁ ልጅ፦
እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። አስጎብኚው፣ ሰሜኑን ትተው ሐዋሳንና ባሌን ብቻ እንዲያዩ ብጠይቃቸውስ? ዛሬ ማታ እጽፍላቸዋለሁ።