ከጥበቃ ሥራ ወጥቼ ቡና ቆልቼ ልሸጥ ነው፤ የምታውቁ ምከሩኝ

የቱሉ ዲምቱው ሃምሳ አለቃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ ወደ 50 ተጠግቷል። በ1990 ሰራዊቱን ተቀላቀልኩ፤ ባድመ ግንባር ነበርኩ። በ1993 ሰላም ሲወርድ ከተቀነሱት አንዱ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ጥበቃ ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥበቃ ፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። በ2014 አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ የፋብሪካው ትዕዛዝ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀረ። ቀጥሎ ሰፊዎቹ ልጆች በየተራ ተሰናበቱ። ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር መጥተው አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ ነበሩ፤ ሻንጣቸውን ይዘው በበሩ ሲወጡ ማየት ከባድ ነበር። በመጨረሻ እኛም ወጣን። ከዚያ በኋላ ያመለከትኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ወጣት ነው የሚፈልጉት።

አሁን ያሰብኩት ቡና ነው። የጀበና ቡና ማለቴ አይደለም፤ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በከረጢት አሽጌ መሸጥ። እኛ ሰፈር ሰው ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ ሰልፍ ይወጣል፤ ሲመለስ መሽቷል። በሥራ ቀን ቡና ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቆልቶ የሚያፈላ ቤት ጥቂት ነው። ሱቅ የሚሸጠውን የተፈጨ ቡና ደግሞ ሰው አያምነውም፤ ገብስ ተቀላቅሎበታል ይላል። እኔ መቁላት አውቃለሁ። ምሽግ ውስጥ እያለን የጋንታችን ቡና ቆይ እኔ ነበርኩ። ያስተማረኝ አንድ የሐረርጌ ልጅ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። የባለቤቴ ቡና አጣጮችም አሁን ከቤታቸው ቡና እኔ የቆላሁትን ይመርጣሉ።

የጨነቀኝን ልንገራችሁ። ቀኝ ጆሮዬ ከጦርነቱ ወዲህ እምብዛም አይሰማም። ቡና ደግሞ ሲፈነዳ በድምፅ ነው የሚታወቀው። ጥቂት ስቆላ ችግር የለም፤ ኪሎ ኪሎ ስቆላ ግን አንዱ ቀን ያርርብኛል፣ አንዱ ቀን ጥሬ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ ጭሱን ምን ላድርገው? አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት። ሌላው ነገር ባለቤቴ «ከረጢቱ ላይ የቀድሞ ወታደር መሆንህን ጻፍበት፤ ሰው ያግዝሃል» ትለኛለች። ልቤ እሺ አላለኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ገንዘቤ የሥራ ስንብት ክፍያዬና የዕቁብ ዕጣዬ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሌላ የለኝም።

ባለ ረከቦቷ (ኮዬ ፈጬ)፦

ጋሽዬ እንኳን ደህና መጡ። እኔ ታክሲ ተራው አጠገብ የጀበና ቡና አፈላለሁ። ጀበናውን መተውዎ ጥሩ ነው። እኛ ሰፈር የጠዋቱ ገበያ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሰፈሩ ባዶ ይቀራል። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሌለ ቀን ጀሪካን እየገዛሁ ነው የማፈላው። በዓቢይ ጾም ደግሞ የጠዋት ደንበኛዬ ግማሹ ከቅዳሴ በፊት ምንም አይቀምስም። ይህን ሁሉ የምችለው ወጣት ስለሆንኩ ነው።

ጭሱን በተመለከተ ቤትዎ ውስጥ እንዳይሞክሩት። አንዴ ለሠርግ ብዬ አምስት ኪሎ በረንዳ ላይ ቆልቼ የላይኛው ፎቅ ልብስ በሙሉ ቡና ቡና ሸተተ፤ ኮሚቴው ጠራኝ። ኮሙናሉን፣ የግቢውን የጋራ ቤት ማለቴ ነው፣ ይጠይቁ። ለበዓል በሬ የሚታረድበት፣ ለለቅሶ ወጥ የሚሠራበት ስለሆነ ጭስ የለመደ ቦታ ነው። ደብዳቤ ጽፈው፣ ቀንና ሰዓት ወስነው፣ ትንሽ ኪራይ ይክፈሉ። ሰዎቹ ሥራ የሚውሉበትን ሰዓት ይምረጡ።

ሌላው፣ ኪሎ ብቻ አድርገው አይሸጡ። የእኛ ሰፈር ሰው ደሞዝ ሳይደርስ ኪሎ ቡና አይገዛም። 100 ግራም፣ ሩብ ኪሎ ያድርጉት። ዱቤ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን እንቢ ይበሉ። አንዴ ከጀመሩ ለአንዱ ሰጥተው ለሌላው መከልከል አይሆንልዎትም፤ ጎረቤት ነው፣ ዕድር አብራችሁ ናችሁ።

ወታደርነትዎን ግን ቢጽፉት ምን አለበት? ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። አባቴም ዘምቶ ነበር፤ ሳይናገር ነው የሞተው። እኔ ባይ እገዛዎት ነበር።

ቆይው፦

ሃምሳ አለቃ ሰላም ነው? ቡና መቁያ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የጆሮው ነገር አያስጨንቅዎት። እኛ ጋ ማሽኑ ራሱ ስለሚጮህ ፍንዳታውን በጆሮ ብቻ የሚከታተል የለም። አፍንጫና ዓይን ይበልጣል። መጀመሪያ ፍሬው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሽታው ገብስ ሲታመስ እንደሚሸተው ነው። ቀጥሎ ቡናማ ይሆንና ገለባው ይላቀቃል። ሙቀቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የመጀመሪያው ፍንዳታ የሚመጣው። ያኔ ፍሬው ያብጣል፣ መሐሉ ላይ ያለው መስመር ይከፈታል፣ ጭሱም ይለወጣል። ዘይት ላዩ ላይ ማብለጭለጭ ከጀመረ ጠቁሯል ማለት ነው። የእጅ ሰዓት ይያዙ፣ ሁልጊዜ እኩል መጠን ይቁሉ፣ ከየዙሩ ጥቂት ፍሬ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጠው ቀለሙን ከሚቀጥለው ጋር ያስተያዩ። እንደ ዘብ ደብተር መዝግቡት፤ ይህን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ካወጡት በኋላ ያለው ነገር ብዙ ሰው ያበላሸዋል። ቡናው ከእሳት ሲወርድ መብሰሉን አያቆምም። ወዲያው ሰፌድ ላይ በትነው ያራግቡት። ትኩሱን እንዳያሽጉት፤ የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል፣ ከረጢቱን ይነፋዋል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። የሚፈጨው ደግሞ ሊሸጥ ሲል ነው፤ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይጠፋል። በርበሬና ሽሮ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ፈጽሞ አይውሰዱት። የራስዎ ትንሽ የቡና መፍጫ ይኑርዎት፤ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ካለ እሱ ይሁን።

ሂሳቡን ሳይሠሩ አይግቡ። 10 ኪሎ ጥሬ ቡና ገዙ እንበል። ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ ድንጋዩን ሲለቅሙ ግማሽ ኪሎ ይወጣል። ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደቱን ያጣል። እጅዎ ላይ የሚቀረው 8 ኪሎ ገደማ ነው። ለሂሳብ እንዲመች ጥሬውን ኪሎ በ600 ብር ብናደርገው፣ የተቆላው ከሰል፣ ከረጢትና መጓጓዣ ሳይታሰብ 750 ገብቷል። ብዙ ጀማሪ በ600 ላይ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥና ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠፋዋል።

አንድ ዓይነት ቡና ይዘው ይጀምሩ። የጅማም ይሁን የሲዳማ ወይም የለቀምት፣ ዛሬ ይህን ነገ ያንን ካደረጉ ደንበኛ ግራ ይገባዋል። እርጥብ ቡና እንዳይሸጡልዎት ደግሞ ይጠንቀቁ፤ በጥርስዎ ነክሰው ይዩት፣ ለስልሶ ከገባ ይተውት። ሲገዙ ደረሰኝ ይቀበሉ። ፈቃዱንና ማሸጊያው ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ።

የሰበታው፦

ወንድሜ ሃምሳ አለቃ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ዛላንበሳ ነበርኩ። ስመለስ ሰበታ ላይ ትንሽ የእህል ሱቅ ከፈትኩ። ስለ ጽሑፉ ብቻ ልንገርህ። የሱቄ በር ላይ የቀድሞ ወታደር መሆኔን ጽፌ ነበር። ሰው መጣ፣ እውነት ነው። ግን አብዛኛው አንድ ጊዜ ነው የመጣው። አግዞኛል፣ መርቆኛል፣ ሄዷል። ቤቱን ያቆሙልኝ ጤፌ ድንጋይ እንደሌለው ያወቁት እናቶች ናቸው። እነሱ የት እንደዘመትኩ እስከዛሬ አይጠይቁኝም።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉን ያየ ሁሉ ስለ ጦርነቱ ያወራሃል። ሱቅህ ቆመህ፣ ሚዛን እየያዝክ፣ ስንት ሰው ሞተ ብሎ የሚጠይቅህ ይመጣል። እኔ አንዳንድ ቀን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እህታችን ባለ ረከቦቷ ያለችው ስለ ኩራቱ ልክ ነው፣ አባቷንም ነፍሱን ይማር። ግን ኩራቱን ከረጢት ላይ ካልለጠፍከው አይጠፋም። ለጠየቀህ ትነግረዋለህ፣ መንገር በፈለግክ ቀን።

የቱሉ ዲምቱው ሃምሳ አለቃ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰበታው ወንድሜ፣ ልቤ ውስጥ ያለውን ነው የተናገርከው። ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰምታ «እንግዲያው የመጣበትን አገርና የተቆላበትን ቀን እንጻፍ» አለች። እንደሱ እናደርጋለን። ባለ ረከቦቷ ልጄ፣ ስለ ዱቤው ምክርሽን ተቀብያለሁ፤ በ100 ግራምና በሩብ ኪሎ ነው የምጀምረው። የኮሙናሉን ደብዳቤም አስገብቻለሁ፤ ኮሚቴው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በፊት ይሁን ብሎኛል።

ቆይው፣ አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። በእጅ የሚሽከረከር መቁያ በርሜል ብየዳ ቤት ላሠራ ነው። ልጁ ላሜራው ስንት ሚሊ ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ያገለገለ የቀለም በርሜልም አለኝ፣ ይሆናል ወይ?

ቆይው፦

የቀለሙን በርሜል ይተዉት፤ ሽታው አይለቅም፣ ለጤናም አይሆንም። ዚንክ የተቀባ ላሜራም እንዳያስገባብዎት፣ ሲግል መጥፎ ጭስ አለው። ጥቁር ላሜራ ይሁን፣ ከ2 ሚሊ ባይሳሳ ይመረጣል፤ ስስ ከሆነ ቦታ ቦታ ያርራል። ውስጡ ላይ ቡናውን የሚያገላብጡ ሁለት ሦስት ክንፎች ያስበይዱለት፤ አለበለዚያ ፍሬው ሳይገለባበጥ አንድ ላይ ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን ቀን እርካሽ ቡና ቆልተው ይጣሉት፣ የብየዳው ሽታ እንዲወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ነኝ፤ ሲያልቅ ቢደውሉልኝ መጥቼ አብረን እንቆላለን። ስልኬን በውስጥ ልኬልዎታለሁ።