ክርክር፦ በጎንደር መንገዶች ዳር ዘንባባ ይተከል ወይስ ይቅር?

የማራኪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በየግቢው የዘንባባ ችግኝ የምናፈላ ሰዎች በዝተናል። አንዳንዶቻችን ችግኙን ለከተማው ሰጥተን በመንገድ አካፋይና ዳር ይተከል እንላለን። ሌሎች ደግሞ ወይራና ዋንዛ እያለ ዘንባባ ምን ይረባል ይላሉ። እኔ ይተከል ባይ ነኝ፤ ከተማችን የእንግዳ ከተማ ናት፣ መግቢያዋ ሊያምር ይገባል። እናንተስ?

የአራዳው፦ እቃወማለሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ድረስ ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። ባጃጅ የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር፣ ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች እናት ጥላ ያስፈልጋታል። ረጅም ዘንባባ ጥላው አናቱ ላይ ካለችው ቅጠል አይበልጥም፣ ያቺውም ከሥሩ ርቃ ትወድቃለች። ሌላው ውኃው ነው። ቤታችን በፈረቃ እየደረሰን ለአስፋልት መሐል ችግኝ ማን በቦቴ ያመላልሳል?

የማራኪዋ፦ ወንድሜ፣ ወይራም ችግኝ እያለ ውኃ ይፈልጋል። ደግሞ የዘንባባ ሥር ቀጭን ነው፤ እንደ ሌላ ዛፍ ሥር ከዓመት ዓመት እየወፈረ አይሄድም። አስፋልትም ሆነ አጥር አያነሣም። የፋሲል መዋኛን አጥር የዋርካው ሥር እንዴት እንደተቆጣጠረው አይታችኋል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ በቅርስ አጠገብ ምን ዓይነት ሥር እንደምንተክል ማሰብ አለብን።

የአዘዞው ችግኝ አፍሊ፦ ሁለታችሁም ሳትነኩት የቀረ ነገር አለ፤ የትኛው ዘንባባ? በየሆቴሉ በር የሚተከለው ግንደ ልስልሱ ረጅም ዘንባባ አገሩ ኩባ አካባቢ ነው። ሳሎን ውስጥ በማሰሮ የሚቀመጠው፣ ከሥሩ ብዙ ሆኖ የሚወጣው፣ የማዳጋስካር ነው። እነዚህ ሙቀት ይወዳሉ፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ኮኮናትማ እዚህ አይሞከርም። ለሆሳዕና የምናስረው ግን የአገራችን የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። እኔ የማፈላው እሱን ነው።

አፈላሉን የማታውቁ ትኖራላችሁና ልናገር። ፍሬው ብርቱካንማ ሆኖ ሲበስል ይለቀማል፤ ያላረጀ ዘር ይሻላል። ሥጋው ተፍቆ ይታጠብ፣ ካልሆነ ይሻግታል። ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ይዋል፣ ውኃው በየቀኑ ይቀየር። ከዚያ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ብስባሽ በሞላበት ረጅም ከረጢት አንድ ጣት ባልሞላ ጥልቀት ቅበሩት። ከረጢቱ ረጅም ይሁን፤ ዘሩ መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ቅጠሉን ብትጠብቁ «በሰበሰ» ብላችሁ ትቆፍሩታላችሁ። የሚበቅልበት ሙቀት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ ላስቲክ አልብሱትና ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር አኑሩት። አንድ ወርም ሦስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያው ቅጠል እንደ ሣር አንድ ነጠላ ነው፤ አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሉት። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ግን በዘንባባ አይሠራም። ከሥሩ ልጅ የሚያወጣው ዓይነት ብቻ ልጁ ከነሥሩ ተለይቶ ይተከላል።

የቀሐው፦ ልጆቼ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ። በየዓመቱ ለሆሳዕና ዘንባባው ከወንዝ ዳር ይጨፈጨፋል። ዳር ዳሩን ቅጠል የሚቆርጥ አለ፤ የመሐሉን ለጋ ከነልቡ የሚያወጣም አለ። ልቡ የተቆረጠ ግንድ ደግሞ አያንሰራራም፣ ይሞታል። የበዓሉ ቅጠል ዛፉን ማጥፋት የለበትም። ችግኝ ካላችሁ ለየአድባራቱ ግቢና ለቀሐና ለአንገረብ ወንዞች ዳርቻ ስጡን። አስፋልቱ ይቆያል።

የአዘዞው ችግኝ አፍሊ፦ አባ፣ ቃልዎ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ዛፍ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ናቸው። በአንድ ግቢ አንድ ብቻ ቢተከል ዘር አይገኝም፣ ስለዚህ በርከት አድርጋችሁ ትከሉ። ችግኝ እያለ ወንድና ሴቱ አይለይም።

የሳሙናበሯ፦ እኔ መምህር ነኝ። የዚህ ዘንባባ ቅጠል ከግርጌው በኩል እንደ መርፌ የሾለ እሾህ አለው። ተማሪ በሚሮጥበት የእግር መንገድ ዳር አይሁን፤ ዓይን ያጠፋል። ይህን ማንም አላነሣውም።

የማራኪዋ፦ እሾሁን ሳላስብ አልቀረሁም፤ የታችኛው ቅጠል በየጊዜው ይገረዛል ብዬ ነበር። ግን የሚገርዝ ሰው በቋሚነት ከሌለ እውነትሽን ነው። አባ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ችግኞቼን ለወንዝ ዳርና ለአድባራት እሰጣለሁ። የከተማዋ መግቢያ ላይ፣ ሰው በማይረግጠው ሰፊ አካፋይ ላይ ግን አሁንም ይተከል ባይ ነኝ።

የአራዳው፦ ለወንዝ ዳር ከሆነ እኔም መጥቼ እቆፍራለሁ። አካፋዩ ላይ ግን ከጥቅምት በኋላ ማን እንደሚያጠጣው እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው በስሙ ይጻፍና ያኔ እንነጋገር።